ልክ

ጌንት ከተማ ውስጥ፣ ከሌይ ወንዝ ማዶ፣
የድሮ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ሆዱ ባዶ፤
እሱ ነው መሥሪያችን። ጣሪያው ሲያንጠባጥብ
ባልዲ ደቅነን ነው ስለ ልጅ የምናስብ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባስቲያን ሰሌዳው ላይ
በሰማያዊ ቀለም ጻፈ ከላይ፦
«የመራመጃው መስፈርት።»
ክብደት፦ ከአራት ኪሎ እንዳይበልጥ።
(አራት ኪሎ ለእኔ ሰፈር እንጂ ክብደት መች ሆኖ ያውቃል፤
ለማን ይነገራል ይህ? ሰው ብቻውን ይስቃል።)
ጠርዝ፦ ቆዳ የማይልጥ።
ቀለም፦ አፍ ቢገባ የማይጎዳ።
ፍሬን፦ ለአንድ እጅ የሚታዘዝ፣ ሌላው እጅ ሳይረዳ።
ቁመት፦ እንደ አማካዩ ልጅ።

አማካዩን ልጅ ግን ማን አይቶት ያውቃል?
በሠንጠረዥ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤
አፍንጫው አይበላው፣ ጫማው አያልቅ፣
እናት የለችውም፣ አይወድቅም፣ አይስቅ።
የሱን ልክ ይዘን ነው ስንቆርጥ የኖርነው፣
የመጣውን ሁሉ በሱ የሰፈርነው።

አራት ሰዓት አልፎ ፌምከ መጣች፤ ገና ከሩቅ ሰማናት፤
መራመጃዋ ኮብልስቶኑ ላይ ኳ ኳ ኳ እያለ
ቀድሟት ደርሶ አወራላት።
ሰባት ዓመቷ ነው። የግራ ጫማዋ አፍንጫው ተበልቷል።
«ጫማ በጥንድ ይሸጣል» አለች እናቷ ግሪት፣
«የሚያልቀው ግን አንዱ ነው።
ቤታችን ዘጠኝ የቀኝ እግር ጫማ አለ፣
አዲስ፣ የትም ያልሄደ።»
ይህን የሚያሰፍር ሣጥን ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም።
ባስቲያን ብዕሩን ከደነ።

«ምን ዓይነት ይሁንልሽ?» አልናት።
ስንጠይቃት ግን ያየነው እግሯን ነበር።
እናት ቀደመች፦ «እንዳትወድቅ።»
ተጻፈ።
ከዚያ ፌምከ አፏን ከፈተች። ቃል ከእሷ ሲወጣ
ግድግዳ ይዞ ነው፣ ደረጃ በደረጃ የሚመጣ።
ማንም አልቀደማትም። ከጣሪያው ጠብታ
አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ በዚያ ዝምታ።
«አ…ይን…ኳኳ።»
አረፈች። ደግሞ ጀመረች፦
«ድብብቆሽ ላይ ሁልጊዜ
መጀመሪያ የምያዘው እኔ ነኝ።»

ግሪት ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።
«እኔ ደግሞ» አለች «በዚያ ኳኳታ ነው ልቤ ያደረ።
ወጥ ቤት ሆኜ ድንች ስልጥ፣ የት እንዳለች ይነግረኛል።
ዝም ያለ ለታ…»
አልጨረሰችውም።

አንዲት መራመጃ፣ ሁለት መስፈርት፦
እናት እንድትሰማ፣
ልጅ እንዳትሰማ።
በእኔ ፊደል ቢጻፍ ቃሉ አንድ ነው፤
ማጥበቅና ማላላት ነው የሚለየው።
«ልክ ናት» አልኩኝ። ባስቲያን ዞሮ «ማናቸው?» አለ።
ምን ልበለው? በእኛ ቋንቋ ልክ መጠንም ነው፣ እውነትም ነው፤
ልጅ ሲያጠፋም «ልኩን አሳየው» ይባላል።
ልኳን ልናውቅ ጠርተናት
ልካችንን አሳየችን።

ሁለት ወር ሠራን። መጋጠሚያው ሁሉ ላስቲክ ለበሰ፣
የላላ ብሎን ታደነ፣ ጎማው ሁለት ጊዜ ፈረሰ።
ባስቲያን ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ እኔም ጣቴን ቆረጥኩ።
መያዣው ላይ ትንሽ ደወል አሰርን፤
ገመዱ ግን በፌምከ አውራ ጣት በኩል፤
ካልፈለገች አይጮህም።
ግሪት አየችው። ብዙ አየችው።
«እሺ» አለች፣ እሺ ሳትሆን።

ሰኔ። ከፋብሪካው ጓሮ፣ ኮብልስቶኑ ላይ።
ግሪት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እንዳታይ፤
በቋንቋዋ እስከ ሃያ ቆጠረች። አሥራ ሰባት ላይ
ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
ዞረች።
ብስክሌቶች። እርጥብ ጡብ። አንዲት ርግብ።
በርሜሉ ጀርባ ሄደች፤ የለችም።
ከእንጨቱ ክምር ሥር፤ የለችም።
ባስቲያን ሰዓቱን ያዘ፦ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት፤
እናት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣
ግማሽ ፊቷ ፍርሃት፣
ግማሹ ምን እንደሆነ አላውቅም፤
መስፈርት አላወጣንለትም።

ደወሉ ገና አልጮኸም።